አዲስ የመተንፈሻ አካል ቫይረስ ሲመጣ፦ የጎጃም የሕክምና ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

በየዓመቱ ከመማሪያ ክፍል ወጥተው ዋርድ የሚገቡ አዳዲስ ተማሪዎች ይደርሱኛል። የመጀመሪያው ሳምንት ወሬ ስለ ጋውንና ስለ ስቴቶስኮፕ ዋጋ ነው። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግን አንዱ እጁን ያወጣና «ዶክተር፣ እንደ ኮቪድ ያለ ሌላ ቢመጣ እኛ ምን ልናደርግ ነው?» ይላል። ኮቪድ ሲገባ እኔ ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) ነበርኩ። ይህንኑ ጥያቄ የምጠይቀው ሰው አጥቼ ነበር። ሲኒየሮቼም እንደኔው ስልካቸው ላይ እያነበቡ ነበር።

ስለዚህ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን ሰብስቤ ጻፍኩት። ደብረ ማርቆስም ተማሩ ባሕር ዳር፣ ለልምምድ ፍኖተ ሰላምም ውጡ ሞጣ፣ ያገለግላችኋል ብዬ አስባለሁ።

«አዲስ ቫይረስ» ሲባል ምን ማለት ነው? ዛሬ የተፈጠረ ነው?

ብዙውን ጊዜ አይደለም። አዲስ የሚባለው ለሰው አዲስ ስለሆነ ነው። በሌሊት ወፍ፣ በግመል ወይም በወፎች ውስጥ ሲኖር ቆይቶ አንድ ቀን ወደ ሰው ይሻገራል። የሰው ሰውነት አይቶት አያውቅም፤ የሚመክትበት ፀረ እንግዳ አካል የለውም። ሕጻን ሽማግሌ ሳይል ሁሉም ሊያዝ ይችላል። ከተለመደው ጉንፋን ዋናው ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

በእኛ ዕድሜ ሦስት ኮሮና ቫይረሶች እንዲህ ተሻግረዋል። ሳርስ እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ከደቡብ ቻይና ተነሳ። 8,098 ሰዎችን ይዞ 774 ገደለና በቀጣዩ ዓመት ተገታ። መርስ እ.ኤ.አ. በ2012 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ታወቀ። ወደ ሰው የሚያሻግረው ግመል ነው። በኢትዮጵያ ግመሎች ደም ውስጥም የዚህ ቫይረስ ፀረ እንግዳ አካል ተገኝቷል። ግመል የጎጃም ከብት አይደለም፣ እሺ። ግን ዓረብ አገር ሠርቶ የሚመለስ ዘመድ የሌለው ቤት ስንት ነው? ሦስተኛው ኮቪድ-19 ነው።

ከኮሮና ወገን ውጭ ደግሞ የወፍ ጉንፋን አለ። ኤች5ኤን1 የሚባለው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1997 ሆንግ ኮንግ ውስጥ 18 ሰዎችን ይዞ 6 ገድሏል። ግመል ባይኖረን ዶሮ ግን ሁሉም ጓሮ ውስጥ አለች።

እኛ ጋ ድረስ ይመጣል? ጎጃም ከዓለም ሩቅ ነው።

ይህን ጥያቄ የምወደው መልሱ አያቶቻችን ጋ ስላለ ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የዓለሙ ኢንፍሉዌንዛ ኢትዮጵያ ገብቶ «የኅዳር በሽታ» ተባለ። አዲስ አበባ ላይ ብቻ 10 ሺህ ገደማ ሰው እንደሞተ ይገመታል። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነው የዳኑት። ያን ጊዜ አውሮፕላን የለም፣ አስፋልት የለም። በሽታው ግን መንገዱን አላጣም። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናጨሰው የዚያ ትዝታ ነው። (ጭሱ ለሳምባ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። የአስም ታማሚዎች በዚያ ዕለት ድንገተኛ ክፍል ሲመጡ ታያላችሁ።)

የኮቪድን ፍጥነት ደግሞ በራሳችን አቆጣጠር ቁጠሩት። በቻይናዋ ዉሃን ከተማ ብዙ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ የታየው የሳምባ ምች ለዓለም ጤና ድርጅት የተነገረው ታኅሣሥ 21 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን ነው። ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት ለሰው ይከብዳል እንጂ ለቫይረስ አንድ የአውቶቡስ ወንበር ይበቃዋል።

ቲክቶክ ላይ «አዲስ ቫይረስ ቻይና ገባ» የሚል አየሁ። እውነት ነው?

የትኛውን? እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ኤችኤምፒቪ የሚባል የመተንፈሻ አካል ቫይረስ ስልካችሁን ሞልቶት ነበር። ያ ቫይረስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ኔዘርላንድስ ውስጥ ነው። ከዚያም በፊት ለአሥርት ዓመታት ሕጻናትን ሲያስል ኖሯል። የስሙ ወሬ ነው አዲስ የሆነው። እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ ከማጋራታችሁ በፊት ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ቫይረሱ መጀመሪያ የተገኘበት ዓመት፣ የዘረ መል ቅደም ተከተሉ መታተሙ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ወይም የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያለው ነገር።

ምንም ያልታወቀ በሽታ ከሆነ ምኑን ነው የምናጠናው?

ተማሪዎቼን ሁለት ነገር ይዛችሁ ኑ እላለሁ። እስክሪብቶና እርሳስ። የተረጋገጠውን በእስክሪብቶ፣ ገና የሚባለውን በእርሳስ ጻፉ። ይስቁብኛል። ግን እኔ በ2012 ዓ.ም. ሁሉንም በእስክሪብቶ ጽፌ ደብተሬን አበላሽቼዋለሁ።

ምን ጽፌ ነበር? «ጤነኛ ሰው ማስክ አያስፈልገውም» ብዬ ጽፌያለሁ። ሰርዤዋለሁ። «ዋናው መተላለፊያ የተነካካ ዕቃ ነው» ብያለሁ። የበር እጀታ ስንወለውል ከርመን ዋናው መንገድ አየሩ ሆኖ ተገኘ። «ሃይድሮክሲክሎሮኪን ይረዳል» የሚል ገጽም ነበረኝ። ትላልቅ ጥናቶች እንደማይጠቅም አሳዩ። በእስክሪብቶ መጻፍ የሚገባው ያኔም ነበር፦ ቫይረሱ አርኤንኤ ነው፤ በላዩ ባለው ሾህ መሰል ፕሮቲን ኤሲኢ2 የሚባለውን ተቀባይ ይዞ ወደ ሕዋስ ይገባል። ዘረ መሉ በጥር መጀመሪያ 2012 ዓ.ም. ለዓለም ስለተለቀቀ ይህ ቶሎ ታወቀ። የቫይረሱን ዘረ መል የሚፈልገው የፒሲአር ምርመራ በፍጥነት የተሠራውም በዚያ ምክንያት ነው።

ስለ ማንኛውም አዲስ ቫይረስ መጀመሪያ የምትፈልጉት ስሙን አይደለም። ቀኖቹን ነው። ከተያዘ በስንት ቀን ይታመማል? ሌላውን የሚያሲዘው ከመታመሙ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሳርስና ኮቪድ በዘር የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ሳርስ ግን በብዛት የሚተላለፈው ሰውየው ጠንቶበት ከተኛ በኋላ፣ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነበር። ስለዚህ ትኩሳት ያለውን ለይቶ መያዝ ሠራ። ኮቪድ ምልክቱ ከመታየቱ አንድ ሁለት ቀን ቀድሞ ይተላለፋል። በር ላይ ቴርሞሜትር ይዞ የቆመው ዘበኛ «36.4፣ ግባ» ሲለው ሰውየው ቫይረሱን ይዞ ይገባ ነበር። አንዱ ተገታ፣ አንዱ ዓለምን አዳረሰ። ከምንም በላይ የለያቸው ይህች የቀን ልዩነት ናት።

ሂስትሪ (የሕመሙን ታሪክ) ስወስድ ከተለመደው ውጭ ምን ልጨምር?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ማሽን የሌለው ሐኪም ትልቁ መሣሪያ ይህ ነው።

መጽሐፉ «ምልክቱ የጀመረበት ቀን፣ የጉዞ ታሪክ፣ የንክኪ ታሪክ» ይላል። አንድ ተማሪዬ ይህን ቃል በቃል እናቶች ላይ ሲሞክረው ሰምቻለሁ። «የንክኪ ታሪክ አለዎት?» አላቸው። እማማ ደነገጡ። ሌላ ነገር የጠየቃቸው መስሏቸው ነው። ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ዝም አሉ።

ጎጃም ውስጥ ቀን የሚቆጠረው በታቦት ነው። እንዲህ ሞክሩት፦

«እማማ፣ ሳሉ መቼ ጀመረዎት?»

«ኧረ ቆየ ልጄ።»

«ከሚካኤል በፊት ነው በኋላ?»

«የሚካኤል ዕለትማ ቤተ ክርስቲያን ስሜ መጣሁ። ደህና ነበርኩ። ማታውን ነው ብርድ ብርድ ያለኝ።»

አያችሁ? 12 ቀን። ቀጥሉ። «ከዚያ በፊት ሰው የበዛበት ቦታ ሄደው ነበር? ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ማኅበር?» ይላሉ፣ «የአቦ ዕለት የወንድሜን ልጅ ቀበርን። ከአዲስ አበባ የመጡ ብዙ ነበሩ። አንዲቱ ስታስል አጠገቤ ነበረች።» አቦ በ5 ነው። ከ5 እስከ 12፣ ሰባት ቀን። ኮቪድ ከሆነ የሚታመመው በአብዛኛው አምስት ቀን አካባቢ፣ ከሁለት እስከ 14 ቀን ባለው ውስጥ ነው። ልክ ይገባል። ዛሬ ገብርኤል ነው እንበል፣ 19። ሕመሙ ስምንተኛ ቀኑን ይዟል። ኮቪድ የሚከፋባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚከፋባቸው ከሰባተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ነው። እማማ አሁን ወንበር ላይ ተቀምጠው ቢያወሩም ወደ ቤት «ደህና ናቸው» ብላችሁ የምትሸኟቸው ሰው አይደሉም። ይህን ሁሉ ያወቃችሁት ያለ አንዳች ምርመራ ነው።

ስለዚህ የወሩን በዓላት የማያውቅ ተማሪ ይማር። አቦ 5፣ ሥላሴ 7፣ ሚካኤል 12፣ ኪዳነ ምሕረት 16፣ ገብርኤል 19፣ ማርያም 21፣ ጊዮርጊስ 23፣ መድኃኔዓለም 27፣ በዓለ ወልድ 29። ሙስሊም ታማሚ ከሆነ ጁምዓን፣ ረመዳንን፣ ዒድን ይዛችሁ ቁጠሩ። የገበያ ቀንም ለሁሉም ይሠራል።

የሰው ብዛት ያለበትን ቦታ ስትጠይቁም ስም ጥሩ። ሰንበቴ፣ እድር፣ ቀብር፣ ጸበል፣ ገበያ፣ የአውቶቡስ ጉዞ። ከመተማና ከሁመራ የጉልበት ሥራ የተመለሰ አለ ወይ በሉ። የቆሎ ተማሪ ከመጣላችሁ ደግሞ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ «ጎጆው ውስጥ ስንት ሆናችሁ ነው የምታድሩ?» ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ የአብነት ትምህርት ቤቱ ብዙ ነው። ስድስት ልጅ ጠባብ ጎጆ ውስጥ ተጠጋግቶ ካደረ፣ አንዱ ሲያስል ስድስቱንም እንዳያችሁ ቁጠሩት።

ግን ሁሉም ሳልና ትኩሳት ያው አይደለም ወይ?

አይደለም። ትልቁ አደጋ ወረርሽኝ ሲመጣ ሌላውን በሽታ መርሳት ነው። ኮቪድ ሲጀምር ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ሁሉ ኮቪድ ተባለ፤ ግማሹ ግን አክታው መታየት የነበረበት የቲቢ ታማሚ ነው ብዬ እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ። ከቆላ የመጣ ትኩሳት ወባ አይደለም እስኪባል ድረስ ወባ ነው፤ የዓባይ ሸለቆንና የምዕራብ ጎጃምን ቆላ አስታውሱ። ብርድ ብርድ የሚለው፣ ልብሱ ቅማል ያለው፣ መንገድ ላይ የሚያድር ሰው ግርሻ ሊሆን ይችላል። በምጣድ ጭስ ሠላሳ ዓመት የኖሩ እናት ሲጋራ ሳይነኩ የሳምባ ሕመም አላቸው፤ ሳላቸው የዓመታት ነው። እሳቸውን «ሳሉ ተቀየረ ወይ?» ነው የምትሏቸው።

ታማሚው «ምች መታኝ» ቢላችሁ አትሳቁ። ዳማከሴ ጨምቆ ሊሆን ይችላል። «ምች» ሲል ምን ምን እንደተሰማው ጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የከንፈር ቁስል ነው።

ኦክሲሜትሩ 91 አለ። ልደንግጥ?

ኦክሲሜትር ጣት ላይ ተደርጎ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ የሚለካ ማሽን ነው። መጀመሪያ የራሳችሁን ጣት ለኩ። ቀልድ አይደለም።

ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው፣ ግፊቱ ግን አንሷል። ስለዚህ ጤነኛ ሰው ላይ 93 ወይም 94 ብታዩ ብርቅ አይደለም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ነውና ትንሽ ከፍ ይላል። ከጮቄ ተራራ ሥር የመጣ ገበሬ ደግሞ ከእናንተ በላይ ከፍታ ላይ ኖሯል። ለንደን የተጻፈን ቁጥር እንዳለ አትገልብጡ።

ይህ ማለት ግን 91ን ናቁት ማለት አይደለም። አካሄዱን ተመልከቱ። ትናንት 95 የነበረ ሰው ዛሬ 91 ከሆነ ያስፈራል። አርባ እርምጃ ያህል አራምዱትና እንደገና ለኩት፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ከወረደ ሳምባው ችግር ላይ ነው። አዋቂ ሰው ከ90 በታች ከሆነ ኦክስጅን ይሰጠዋል። የትንፋሽ ቁጥሩንም ሰዓት እያያችሁ ቁጠሩ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ። በግምት «20» ብላችሁ አትጻፉ። ሁላችሁም 20 ትጽፋላችሁ።

እጁ የቀዘቀዘ ሰው፣ የጥፍር ቀለም ወይም የጠቆረ እንሶስላ ያላት ሴት ላይ ማሽኑ ሊሳሳት ይችላል። እጁን አሙቁት፣ ሌላ ጣት ወይም የጆሮ ጫፍ ሞክሩ። ጥቁር ቆዳ ላይም ማሽኑ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ እንደሚችል ጥናት አሳይቷል። ልባችሁ ከተጠራጠረ ታማሚውን እመኑ እንጂ ቁጥሩን አትመኑ።

ኦክስጅን ሲሊንደሩ እስከ ንጋት ይቆያል?

ማታ ተረኛ ስትሆኑ የምትጠይቁት ይህን ነው። ትልቁ ሲሊንደር ሲሞላ 6,800 ሊትር ገደማ ይይዛል። በደቂቃ 5 ሊትር ከሰጣችሁ 1,360 ደቂቃ፣ ማለት 22 ሰዓት ተኩል ገደማ። በ15 ሊትር ከሆነ ሰባት ሰዓት ተኩል ብቻ። መለኪያው ግማሽ ላይ ከሆነ በግማሽ አስቡት። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ አስሉት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲያልቅ ማስላት አይረዳም። ይህን የማውቀው አንድ ሌሊት ስላላሰላሁ ነው። ቁልፍ የያዘውን ሰው ለማግኘት የሮጥኩት ሩጫ አሁንም በሕልሜ ይመጣል።

ምርመራው ኔጌቲቭ ከሆነ ነጻ ነው?

አይደለም፤ ፖዘቲቭ ሆነ ማለትም ሁልጊዜ ታሟል ማለት አይደለም። ወረቀት አውጡና አብረን እናስላ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው። አንድ ፈጣን ምርመራ ከ100 ታማሚ 80ውን ይይዛል፣ ከ100 ጤነኛ 98ቱን በትክክል ነጻ ይላል እንበል። በሽታው ገና ያልተስፋፋበት ወረዳ ውስጥ 1,000 ሰው መረመርን። ከነሱ የታመሙት 10 ብቻ ናቸው። 8ቱን አገኘን፣ 2ቱን ሳትናቸው። ከ990ው ጤነኛ ደግሞ 20 ያህሉን በስሕተት ፖዘቲቭ አልን። ፖዘቲቭ ወረቀት የያዘው 28 ሰው ነው። በእውነት የታመመው 8።

ያንኑ ምርመራ ከለቅሶ ቤት የመጡ፣ የሚያስሉ ሰዎች ላይ ብታደርጉት ውጤቱ ፈጽሞ ሌላ ነው። ማሽኑ ያው ነው፣ የተመረመረው ሰው ተቀየረ። ለዚህ ነው ሂስትሪው ላይ ያን ያህል የቆየሁት። እማማ ኔጌቲቭ ቢሆኑ እንኳ ማግለሉን አታቋርጡም። ናሙናው ተደግሞ ይወሰዳል።

«ከመቶ ይህን ያህል ይገድላል» የሚባለው ቁጥር ለምን በየቀኑ ይለዋወጣል?

ከታች ያለው ቁጥር፣ ማለት ተይዟል ተብሎ የተቆጠረው ሰው ብዛት፣ ስለሚለዋወጥ ነው። መጀመሪያ የሚመረመረው ጠንቶበት ሆስፒታል የመጣው ነው፤ ስለዚህ በሽታው ከእውነተኛው በላይ ገዳይ ይመስላል። ቀለል ያለባቸው ሲመረመሩ ቁጥሩ ይወርዳል። ዳይመንድ ፕሪንሰስ የምትባለው መርከብ ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 ከ3,711 ሰው 712ቱ ተይዘው ነበር። ሁሉም ስለተመረመሩ ግማሽ የሚጠጉት በምርመራው ሰዓት ምልክት እንዳልነበራቸው ታወቀ። በሌላ በኩል ዛሬ የታመመ ሰው የሚሞተው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ሞቱ ዘግይቶ ይቆጠራል። የመጀመሪያውን ወር ቁጥር በእርሳስ።

ማስክ፣ መስኮት፣ አልኮል፦ የቱ ይበልጣል?

መስኮት። ርካሹ እሱ ነው፤ የሚከብደውም እሱ ነው። ጎጃም ውስጥ ቀዶ ሕክምና ከማድረግ የአውቶቡስ መስኮት ማስከፈት ይከብዳል። «ብርድ ይመታኛል» የሚል አንድ ሰው አርባ ሰው ያሸንፋል። ዋርድ ውስጥም እንደዚያው ነው። አስታማሚው ማታ ይዘጋል፣ እናንተ ጠዋት ትከፍታላችሁ። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ፈልጉለት፣ ምክንያቱን ንገሩት፣ ክፈቱ።

ማስክን በተመለከተ፦ ኤን95 (ፊት ላይ ጥብቅ ብሎ አየሩን የሚያጣራው ማስክ) ከፊት ጋር ካልገጠመ ሰርጂካል ማስክ በሉት። ጺም ያለው ሰው ላይ አይገጥምም። ከለበሳችሁ በኋላ በሁለት እጃችሁ ሸፍናችሁ ተንፍሱ፤ አየር በጎን ካመለጠ አልገጠመም። መከላከያ ልብስ ስትለብሱ ሁሉም ይጠነቀቃል። ሰው የሚበከለው ሲያወልቅ ነው፣ ደክሞት፣ ሻይ አምሮት። በጥንድ ሆናችሁ አውልቁ፣ አንዱ ሌላውን ይይ።

እጅ በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ። «አረቄ አይሆንም ወይ?» ተብዬ አውቃለሁ። አይሆንም። ለእጅ ማጽጃ ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ያስፈልጋል፤ ዳግም አረቄ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይደርስም። በረኪና ለዕቃና ለወለል ነው። 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በ49 እጅ ውሃ ለተራ ገጽታ፣ አንድ እጅ በ9 እጅ ውሃ ደም ለፈሰሰበት። ከአልኮል ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ራሱ ሳምባ ይጎዳል።

መድኃኒቱስ? ፌጦና ነጭ ሽንኩርት እናበረታታ?

ነጭ ሽንኩርት መብላት አትከልክሉ፣ መድኃኒት ነው ብላችሁም አትጻፉ። እኔ የምጣላው «ለማንኛውም» ተብሎ ከሚታዘዝ አንቲባዮቲክ ጋር ነው። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም።

ከኮቪድ የተማርነው አንድ ደስ የሚል ነገር ዴክሳሜታዞን የሚባለው የሰውነትን መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት ነው። ርካሽ፣ አሮጌ፣ በየፋርማሲው ያለ። ሪከቨሪ የተባለው የእንግሊዝ ጥናት በሰኔ 2012 ዓ.ም. ውጤቱን አወጣ። በቀን 6 ሚሊ ግራም እስከ 10 ቀን ሲሰጥ፣ መተንፈሻ መሣሪያ ላይ ካሉት ሞትን በሲሶ ገደማ ቀነሰ፤ ኦክስጅን ብቻ ከሚወስዱት ደግሞ በአንድ አምስተኛ። ኦክስጅን የማያስፈልጋቸውን ግን አልጠቀመም። መድኃኒቱ ያው፣ ቫይረሱ ያው፣ ጊዜው ተለየ። ዝርዝሩ ሳይነበብ ሰው ገና ማሳል ሲጀምር ዴክሳ እየወጉ የላኩ ነበሩ።

የሚያጠራጥር ታማሚ ካየሁ ለማን ነው የምናገረው? እኔ ተማሪ ነኝ።

ለሲኒየራችሁ፣ ወዲያው። ከዚያ ለሆስፒታሉ የበሽታ ቅኝት ተጠሪ። በአገራችን አሠራር ሳርስን፣ የወፍ ጉንፋንንና የወረርሽኝ ኢንፍሉዌንዛን የመሰሉ በሽታዎች ወዲያው ሪፖርት ከሚደረጉት ውስጥ ናቸው። ጥርጣሬው ከአንዱ እርከን ወደ ቀጣዩ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል። ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያ፣ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል፣ ፌዴራል። የላቦራቶሪ ውጤት አይጠበቅም። ጥርጣሬ ይበቃል።

«ተሳስቼ ቢሳቅብኝስ?» ትሉኛላችሁ። ካርሎ ኡርባኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2003 በቬትናሟ ሃኖይ ውስጥ ኢንፍሉዌንዛ ሳይሆን አይቀርም የተባለ አንድ ታማሚ እንዲያይ ተጠራ። አየውና «ይህ ሌላ ነገር ነው» አለ። ሳርስ ነበር። ዓለም የነቃው በእሱ ማስጠንቀቂያ ነው። እሱ ራሱ በዚያው በሽታ እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2003 ሞተ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ስልክ ያዙ። የማን ቤት ለቅሶ እንደነበረ፣ ማን ከውጭ እንደመጣ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ታማሚው ጸበል መሄድ ቢፈልግስ?

«ወይ ጸበል ወይ ሕክምና» ብላችሁ አታስመርጡ፤ ትሸነፋላችሁ። ጸበሉን ብቻውን፣ በራሱ ዕቃ፣ ቤቱ መጥቶለት እንዲጠጣ ከካህኑ ጋር ተነጋገሩ። መድኃኒቱንም እንዳያቋርጥ ካህኑ ራሱ ቢነግረው ከእናንተ ቃል ይበልጥ ይሰማል። ለቅሶ ግን ይከብዳል። ቀብር አለመሄድ ጎጃም ውስጥ ለሕይወት ዘመን የሚቆጠር ነውር ነው። በኮቪድ ጊዜ የሠራው ዘዴ ሰው ሜዳ ላይ ተራርቆ መቀመጡና እድሩ ተራ ማውጣቱ ነው። «አትሂዱ» ያልናቸው በር ዘግተው ተሰበሰቡ።

ተማሪ ሆኜ ዋርዱ መግባት አለብኝ?

መከላከያ ልብሱ ለሚሠሩት እንኳ ካልበቃ፣ አይ። በ2012 ዓ.ም. ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተሸኙ፣ ኢንተርኖች ቀረን። አንድ ኤን95 በወረቀት ከረጢት አድርጌ ለቀናት ተጠቅሜያለሁ። ማንም እንዲደግመው አልመክርም። ተማሪ ውጭ ሆኖ የሚሠራው ብዙ ነው፦ ንክኪ ያላቸውን በስልክ መከታተል፣ በር ላይ መለየት፣ ቤተሰብን ማነጋገር። ከገባችሁ ግን ሥልጠና ወስዳችሁ፣ ሙሉ ለብሳችሁ፣ ስማችሁ መዝገብ ላይ ተጽፎ ይሁን። ታማችሁ ከሆነ ደግሞ ቤት ቅሩ። ሳል ይዞ ራውንድ መምጣት ጉብዝና አይደለም።

እናቴ በየማታው እየደወለች ታለቅሳለች። ምን ልበላት?

የምትለብሱትን አንድ በአንድ ንገሯት። የእኔዋ የተረጋጋችው «እጠነቀቃለሁ» ስላት አልነበረም። «መጀመሪያ ጋውን፣ ከዚያ ማስክ፣ ከዚያ መነጽር፣ መጨረሻ ጓንት» እያልኩ ስቆጥርላት ነው። በሦስተኛው ቀን እሷው ትጠይቀኝ ጀመር። መነጽሩን ረስቼ ብዘል ያዘችኝ።

እርሳሱ ግዴታ ነው? በስልክ ብንጽፈውስ?

ይቻላል። ግን ስልክ ይዛችሁ ወደ ማግለያ ክፍል ገብታችሁ፣ ያንኑ ስልክ ጆሮአችሁ ላይ ይዛችሁ ስትወጡ አይቻችኋለሁ። እርሳስ ሁለት ብር የማይሞላ ነገር ነበር፤ አሁን ተወዷል አሉ። ላጲስ ያለውን ግዙ።